መጥቅዕ 11 የለም

ስቅለት ሁለት ቀን አለው። አንደኛው መጋቢት 27 ነው፤ ጥንተ ስቅለት ይባላል፣ ቀኑ ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ አይነቃነቅም። ሁለተኛው አገር ምድሩ የሚሰግድበት ዓርብ ነው፤ እሱ በየዓመቱ ይዞራል። በ2016 ሚያዝያ 25 ዋለ፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 10። እኔ የምኖረው ቀራንዮ ነው። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ክርስቶስ ከተሰቀለበት ስፍራ። ስለዚህ እኛ ጋ ሁለቱም ቀኖች ክብደት አላቸው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ኮንስታንት፣ ሌላው ቫሪያብል።

ቫሪያብሉን ማን ያሰላዋል? ስልካችሁ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ያሰላዋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ኮድ መነሻው ሌላ ነው። መነሻው ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የቤተ ክህነት የዘመን ቀመር ነው፤ እሱ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በምልክት ሳይሆን በቃል ነው። የመደመር ምልክት የለውም። የእኩል ይሆናል ምልክት የለውም። ኤክስም ዋይም የለውም። ሙሉ ሒሳቡ ዓረፍተ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት እያለን ‘ወርድ ፕሮብሌም’ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር፣ አይደል? ‘አንድ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ አምስት ሲጨመርበት 26 ይሆናል’ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ ኢኩዌሽን መቀየር ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ እንደኔ አስተያየት በአገራችን ትልቁና ረጅም ዕድሜ ያለው ወርድ ፕሮብሌም ነው። ወደ ኢኩዌሽን ስንቀይረው ምን እንደምናገኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንቀይረው ምን ሊያመልጠን እንደሚችል ላሳያችሁ።

ሕጉ በኔ አማርኛ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ዓመተ ዓለሙን በ19 ግደፈው፤ የተረፈው መደብ ይባላል። ከመደቡ አንዱን ስለ ዘመኑ ቀንስ፤ ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አብዛና በ30 ግደፈው፤ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አብዛና በ30 ግደፈው፤ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም ይውላል፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት። የዋለበትን ዕለት እይና የዕለቱን ተውሳክ ጨምርበት። የሚገኘው ቁጥር መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌ የሚገባበት ቀን እሱ ነው። መጥቅዑ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ይገባል። የመስከረሙ ድምር ከ30 ካለፈ ግን 30ውን ግደፍና የተረፈውን በየካቲት ቁጠር።

‘መግደፍ’ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። መጣል ማለት ነው። በ19 ግደፍ ማለት አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን እያነሳህ ጣል፣ መጣል የማይቻለው ቀሪ እጅህ ላይ ይቅር ማለት ነው። ኢንጂነሪንግ ስንማር ‘ሞዱሎ’ ብለን የተማርነው ይኸው ነው። እኛ በላቲን ስም ከመጥራታችን በፊት ለዚህ ሥራ የተመደበ ግሥ ነበረን። ከዚህ በኋላ ‘ግድፍ’ን እንደ ሒሳብ ምልክት እጠቀምበታለሁ፤ ከመቶኛ ምልክቱ በጣም የተሻለ ነው።

ወደ ቀመሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይነሳ። አልጀብራ ሲባል ፊደልና ምልክት የሚታየን ሰዎች የታሪኩን መጨረሻ ብቻ ነው ያየነው። ስሙን ለዘርፉ የሰጠው የአል ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 820 አካባቢ ባግዳድ ውስጥ ሲጻፍ አንድም ምልክት አልነበረበትም። ዛሬ ‘ኤክስ ካሬ ሲደመር አሥር ኤክስ እኩል ይሆናል 39’ የምንለውን ታዋቂ ጥያቄውን ያስቀመጠው ከነቁጥሮቹ በቃላት ነው። የማይታወቀውን ቁጥር ዐረቦቹ ‘ነገር’ ይሉት ነበር። (እኛም ብንሆን ኤክስ አጥተን አናውቅም፤ ‘እንትን’ አለን።) ኔሰልማን የሚባል ጀርመናዊ በ1842 እ.ኤ.አ. የአልጀብራን ታሪክ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፦ በቃል የሚነገር፣ በአሕጽሮት የሚጻፍ፣ በምልክት የሚጻፍ። የእኩል ይሆናል ምልክት የመጣችው በ1557 በዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ መጽሐፍ ነው። ፊደላትን በሥርዓት ለቁጥር ቦታ የሰጠው ፈረንሳዊው ቪዬት በ1591፣ ኤክስን ያስለመደን ዴካርት በ1637። ስለዚህ በቃል መነገሩ ብቻ ባሕረ ሐሳብን ከሒሳብ በታች አያደርገውም። ያ አል ኽዋሪዝሚም ቢሆን የአይሁድን የዘመን አቆጣጠር የሚያስረዳ ድርሳን ጽፏል፤ እዚያም ውስጥ ያለው የ19 ዓመት ዑደት ነው።

አሁን ‘አልጀብራን የፈጠርነው እኛ ነን’ የሚል ፖስት የሚያዘጋጅ ሰው ካለ እባክህ ቆይ። የ19 ዓመቱን ዑደት ሜቶን የተባለ አቴናዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስተዋውቆታል፤ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ቀመሩ ወደኛ የመጣው በእስክንድርያ በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሒሳቡን የምትሰጠው ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። ትውፊቱ ሲተርክ ድሜጥሮስ ያልተማረ ገበሬ ነበር፤ በዓላቱ ከተወደዱላቸው ዕለታት እንዳይወጡ ሲመኝ መልአክ ተገልጦ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ ግባ አለው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19። ጥንተ አበቅቴና ጥንተ መጥቅዕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሥነ ፈለክ መልሱ ደግሞ አጭር ነው፦ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ 354፣ ልዩነቱ 11። 19 ደግሞ ወሩን 30 ለመሙላት የጎደለው ነው። ሁለቱን መልሶች አጣልቶ አንዱን ማባረር አያስፈልግም። የመጀመሪያው በቃል የሚማር ልጅ ቁጥሮቹን እንዳይረሳ የሚይዝ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥሮቹ ለምን እንደሚሠሩ ይነግረናል።

ይህ ሁሉ እስክንድርያ ውስጥ የቀረ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡሻክር የተባለ ግብጻዊ በዐረብኛ የጻፈው የዘመን ሐሳብ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ትምህርቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ አቡሻህር ተማረ ይባላል። ባቢሎናውያን በሸክላ ላይ የጻፉትን ሥነ ፈለክ ሲያጠና ዕድሜውን የጨረሰው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ሐሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት በግዕዝ ብራናዎች ውስጥ ተጠብቆ አግኝቶታል። በአማርኛ ማንበብ የሚፈልግ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ‘ባሕረ ሐሳብ’ ይፈልግ።

ወደ ትርጉሙ እንግባ። ዓመተ ዓለምን ‘ዓ’፣ ወንበርን ‘ወ’፣ አበቅቴን ‘አ’፣ መጥቅዕን ‘መ’፣ ተውሳክን ‘ተ’ እንበላቸው።

ወ = (ዓ ግድፍ 19) − 1

አ = (11 × ወ) ግድፍ 30

መ = (19 × ወ) ግድፍ 30

አያችሁ፣ ሦስት መስመር። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ። የቤተ ክህነት መምህር ይህን የማረጋገጫ መንገድ ለተማሪው መጀመሪያ ነው የሚነግረው፤ ድምሩ 30 ካልመጣ ተሳስተሃል፣ ከእንደገና ጀምር። እኛ ቼክሰም እንለዋለን።

በነገራችን ላይ አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ያኔ ‘ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር’ የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ተማሪው በሰማው ቅደም ተከተል ይጽፋል፦ አምስት፣ መቀነስ፣ ቁጥሩ። ተገለበጠ። በአማርኛ ግን ‘ከአንድ ቁጥር ላይ አምስት ሲቀነስ’ ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ይመጣል፣ ቀጥሎ አምስቱ፣ በመጨረሻ ግሡ። ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቋንቋ ቁጥሮቹን አስቀምጦ ከዚያ ምን እንደሚደረግባቸው ይናገራል። ስታክ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ነገር የምታውቁ ሰዎች አሁን ፈገግ እያላችሁ ነው።

ግን በቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ መተማመን በየትኛውም ቋንቋ ያስበላል። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ 150 የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ቀላል ጥያቄ ተጠይቀው ነበር፦ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ብዛት የፕሮፌሰሮቹ 6 እጥፍ ነው፤ ይህን በኢኩዌሽን ጻፉ። 37 ከመቶው ተሳሳቱ። አብዛኞቹ የተሳሳቱት ስድስቱን ከተማሪዎቹ ጎን ለጥፈው ነው፦ 6 × ተማሪ = ፕሮፌሰር። ቃላቱን ገልብጠው ጻፉ እንጂ ‘ስንት ፕሮፌሰር ቢኖር ስንት ተማሪ ይኖራል’ ብለው አላሰቡም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን 2016ን እንሥራ። 5500 ሲጨመር 7516። ይህንን ቁጥር ካልኩሌተር የሌለው ሰው በ19 እንዴት ይገድፈዋል? እዚህ ጋ የጥንቶቹ ብልሃት ደስ ይላል። መጀመሪያ በትልቁ ቀመር በ532 ይገድፉታል (532 ማለት 28 × 19 ነው)። አሥራ አራት 532 ሲጣል 68 ይተርፋል። 68 ውስጥ ሦስት 19 አለ፣ እሱም ሲጣል 11። መደቡ 11፣ ወንበሩ 10። አበቅቴው 110 በ30 ሲገደፍ 20። መጥቅዑ 190 በ30 ሲገደፍ 10። ድምሩ 30፣ ሰላም ነው። 10 ከ14 በታች ስለሆነ ጥቅምት 10 ይውላል። ጥቅምት 10 ቀን 2016 ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 10 እና 8 አሥራ ስምንት፤ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። ፋሲካ ከነነዌ 69ኛው ቀን ስለሆነ ሚያዝያ 27። ትዝ ይላችኋል፣ የዋለው በዚያው ቀን ነው።

የዕለታቱ ተውሳክ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ነው። ተማሪ ይህን በቃሉ ይይዛል። ለምን በነዚህ ቁጥሮች? ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ከመስከረም እስከ ጥርም፣ አራት ወር ነው፤ እነዚህ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ 120 ቀን። 120 ማለት 17 ሳምንት ከአንድ ቀን። ስለዚህ መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ በ120ኛው ቀን እሑድ ነው፤ 8 ሲጨመርበት ሰኞ ላይ ያርፋል። እሑድ ከዋለ 120ኛው ሰኞ ነው፤ 7 ሲጨመር ያው ሰኞ። የተውሳክ ሥራ ይኸው ነው፦ ነነዌ ከሰኞ እንዳይወጣ መጎተት። መልአኩ ለድሜጥሮስ የፈጸመለት ምኞት በሰንጠረዥ ሲጻፍ እነዚህ ሰባት ቁጥሮች ይሆናል።

ይህን ካወቅን ‘በመስከረም ከዋለ በጥር፣ ካለፈ በየካቲት’ የሚለው ረጅም ሕግ ሁሉ ይሟሟል። መጥቅዑ ከዓመቱ መጀመሪያ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ‘ቀ’ እንበል፤ በመስከረም ከሆነ ራሱ መጥቅዑ፣ በጥቅምት ከሆነ መጥቅዑ ላይ 30 ተጨምሮ። ያኔ፦

ፋሲካ = ቀ + ተ + 189

189 ማለት 120 እና 69 ነው። ለ2016 ሲሠራ 40 + 8 + 189 = 237። ከዓመቱ 237ኛው ቀን ሚያዝያ 27 ነው። ‘ቀ’ ከ15 አያንስም፣ ከ43 አይበልጥም፤ ‘ተ’ ከ2 እስከ 8 ነው። ስለዚህ ፋሲካ ከ206ኛው ቀን ቀድሞ አይመጣም፣ ከ240ኛውም አያልፍም፤ ማለትም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30። መምህራኑ በቃል የሚያስይዙት የትንሣኤ ላይኛና ታችኛ ወሰንም ይኸው ነው። ከአንድ መስመር ወጣ፣ እኔን ይህ ያስደስተኛል።

ሌላው ወደ ምልክት የመቀየር ጥቅም ዘመድ ማግኘት ነው። ካርል ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ.፣ በ23 ዓመቱ፣ ፋሲካን የሚያሰላ ዘዴ አሳተመ፤ እስከ ዛሬ ፕሮግራመሮች ይገለብጡታል። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያው እርምጃ የፈረንጁን ዓመት በ19 መግደፍ ነው። ቀጥሎ ያንን በ19 አባዝቶ፣ ለአሮጌው የዩልዮስ ካላንደር 15 ጨምሮ፣ በ30 መግደፍ። 19 ማባዛት፣ 30 መግደፍ፤ መጥቅዕ አይደለም እንዴ? ስንፈትሸው እንዲያውም ‘ወ’ እና የጋውስ የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ናቸው። ፋሲካ በሚውልበት ወቅት የፈረንጁ ዓመት የኛው ሲደመር 8 ነው። የኛን ዓመት 5500 ጨምረን 1 ስንቀንስ፣ ከፈረንጁ ዓመት ጋር ያለው ልዩነት 5491 ይሆናል። 5491 ደግሞ 19 × 289 ነው፣ ትርፍ የለውም። ስለዚህ በ19 ሲገደፉ አንድ ቀሪ ይሰጣሉ። 2024 በ19 ሲገደፍ 10፤ የ2016 ወንበርም 10። ጋውስ ከኛ አልቀዳም፣ እኛም ከጋውስ አልቀዳንም፤ ሁለቱም የእስክንድርያ ልጆች ናቸው። ሕጉ በቃል እንዳለ ግን ይህን ዝምድና በዐይን ማየት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሒሳብ፣ ለሰፈሬ ስል። ትውፊቱ ስቅለትን የሚያስቀምጠው በ34 ዓ.ም. መጋቢት 27፣ ዓርብ ነው። ቀመሩ ወደዚያ ሲመለስ ምን ይላል? 5534 በ19 ሲገደፍ 5፤ ወንበር 4፤ መጥቅዕ 76 በ30 ሲገደፍ 16። መስከረም 16። የ34 ዓ.ም. መስከረም 1 በዚሁ ስሌት ማክሰኞ ነው፤ 16ኛው ቀን ረቡዕ። የረቡዕ ተውሳክ 4። ነነዌ ጥር 20፣ ስቅለት ደግሞ ከዚያ 67ኛው ቀን፦ መጋቢት 27፣ ዓርብ። ይህ የታሪክ ማስረጃ አይደለም፤ ቀመሩና ቋሚው ቀን አንዱ ለሌላው ተለክቶ የተሰፋ መሆኑን ግን ያሳያል። ኮንስታንቱ የቫሪያብሉ አንድ ዋጋ ነው።

እስካሁን ያሳየኋችሁ ትርፉን ነው። አሁን ኪሳራው።

ከላይ የጻፍኳቸውን ሦስት መስመሮች ተመልከቱ። ቃሉ ‘በ19 ግደፍ፣ ከዚያ አንድ ቀንስ’ ይላል፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት። አሁን 2005ን እንሞክር። 7505 በ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ዜሮ። አንድ ሲቀነስ −1። የማን ወንበር ነው −1?

በቃል የተማረ ሰው እዚህ ጋ አይቸገርም። ያለ ትርፍ ሲገደፍ መደቡ 19 ነው፣ ወንበሩ 18 ነው ተብሎ ተምሯል። ‘ስለ ዘመኑ’ የምትለዋ ቃል ጌጥ አይደለችም፤ የገባንበት ዓመት ገና ስላላለቀ አትቁጠረው፣ ያለቁትን ብቻ ቁጠር ማለት ናት። መደብ ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል፣ ወንበር ከ0። አሬይ ኢንዴክስ የምንለውን እነሱ ወንበር ብለውታል። ትርጉሙ የገባው ሰው ኢኩዌሽኑን የሚጽፈው በቃሉ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሐሳቡ ነው፤ መጀመሪያ ያላለቀውን ዓመት ያነሳል፣ ከዚያ ይገድፋል፦

ወ = (ዓ − 1) ግድፍ 19

7504 በ19 ሲገደፍ 18 ይተርፋል። በቃ፣ ተስተካከለ። የመቀነሷ ቦታ ብቻ ነው የተቀየረው። ስድስቱን ከተማሪዎቹ ጎን የለጠፉትን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አስታውሱ፤ ያው በሽታ ነው።

ዜሮ ሌላም ቦታ ትመጣለች። ወንበር 0 ሲሆን፣ ለምሳሌ በ2006፣ አበቅቴ የለም፤ ግዕዝ ዜሮ የሚባል አኃዝ ስለሌለው ‘አልቦ’ ይባላል፣ የለም ማለት ነው። መጥቅዑ ግን 30 ነው፣ በመስከረም 30 ይውላል። ኮዱ ደግሞ 0 ይላል፣ 0 ከ14 በታች ነው ይልና ጥቅምት 0 ያወጣል። የሚያስቀው ጥቅምት 0 ማለት መስከረም 30 ማለት ነው፤ ሒሳቡ በራሱ ይድናል። ኮዱ ዜሮኛ ቀን አላውቅም ብሎ ከተንኮታኮተ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ስህተቱ ይጮኻል።

የማይጮኸው −1 ነው። በጃቫና በሲ ‘−19 ግድፍ 30’ ሲሰላ −19 ይወጣል፤ ወዲያው ይታያል። በፓይተን ግን 11 ይወጣል። መጥቅዕ 11። አበቅቴው 19 ይሆናል፤ ድምሩ 30! ቼክሰሙ አለፈ። ትክክለኛው መጥቅዕ ግን 12 ነው። ለምን አንድ ቀን ተዛነፈ? ምክንያቱም 19 ጊዜ 11 ሲደመር 209 ነው፣ 210 አይደለም። ዑደቱ ሲዘጋ ጨረቃ አንድ ቀን ትዘላለች፤ ከ18ኛው ወንበር ወደ 0 ሲታለፍ አበቅቴ በ11 ሳይሆን በ12 ያድጋል። −1 እና 18 በ19 ሲገደፉ አንድ ናቸው፣ በ30 ዓለም ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ይህንን ነገር ይዤ አንድ የአቡሻህር መምህር ጋ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ግን ስለ 14 ነው፤ ‘ከ14 በላይ’ እና ‘ከ14 በታች’ ይላል እንጂ 14 ራሱ ቢመጣስ አይልም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያሳክከን ሰዎች ነን እኛ።

‘የኔታ፣ መጥቅዕ 14 ሲሆን በየትኛው ወር ነው?’ አልኳቸው።

‘14 ሆኖ አያውቅም።’

‘11ስ ቢመጣ?’

‘ማን ያመጣዋል?’ አሉና አዩኝ። ‘ልጄ፣ መጥቅዕ 11 የለም።’

ቤቴ ገብቼ አሥራ ዘጠኙንም አወጣኋቸው። 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። 14 የለም። 11ም የለም። እኔ በኢኩዌሽኑ ያየሁት ከ1 እስከ 30 የትኛውም ቁጥር ሊመጣ እንደሚችል ነው፤ እሳቸው በቃላቸው የያዙት አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። ለሳቸው 11 የተሳሳተ መልስ እንኳን አይደለም፣ የሌለ ሰው ስም ነው። ድምሩን 30 አድርጎ ቼክሰሙን ያለፈውን ስህተት የያዙት ሳያሰሉ ነው።

ከኢኩዌሽኑ ጋር ሰንጠረዡንም ወደ ኮድ ማስገባት አንድ መስመር ነው፤ ‘መጥቅዑ ከነዚህ 19 ቁጥሮች ውጭ ከሆነ ቁም’። ግን ያንን መስመር የሚጽፈው የኔታን የጠየቀ ሰው ነው። ባሕረ ሐሳብን ‘ፎርሙላው ይኸውላችሁ’ ብለን በሦስት መስመር ስናሳጥር የምንጥለው ሽምደዳ የሚመስለንን ክፍል ነው፤ ‘ስለ ዘመኑ’ን፣ ‘አልቦ’ን፣ ‘ሆኖ አያውቅም’ን። ሦስቱም ኤጅ ኬዞቹ ናቸው።

ስህተቱ ደግሞ ተደብቆ የሚኖር ዓይነት ነው። 2005ን በመጥቅዕ 11 ሥሩት፦ ጥቅምት 11 እሑድ ነበር፣ ተውሳክ 7፣ ድምር 18። በትክክለኛው በ12 ሥሩት፦ ሰኞ፣ ተውሳክ 6፣ ድምር 18። አንድ ነው። ተውሳክ ሁሉንም ወደ ሰኞ ስለሚጎትት የአንዷን ቀን ስህተት ይውጣታል። ቀጣዩ ወንበር 18 የሚሆንበት ዓመት 2024 ነው፤ ጥቅምት 12 ሐሙስ ይውላል፣ 11 ረቡዕ፤ ሁለቱም 15 ይሰጣሉ። ቴስት የሚያደርግ ሰው በነዚህ ሁለት ዓመታት ሞክሮ ኮዱ ይሠራል ብሎ ይፈርማል። ስህተቱ የሚወጣው ትክክለኛው መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው፤ ያኔ የአንዷ ቀን ልዩነት ወደ ሌላ ሳምንት ታሻግራለች።

በ2043 ጥቅምት 12 ቅዳሜ ነው። ተውሳክ 8፣ ነነዌ የካቲት 20፣ ፋሲካ ሚያዝያ 29። መጥቅዕ 11 ብሎ የተነሳ ስልክ ደግሞ ጥቅምት 11ን ዓርብ ያገኘዋል፣ 2 ይጨምራል፣ ነነዌን የካቲት 13 ያስገባል። የዚያ ስልክ ባለቤት ሚያዝያ 22 ዶሮ ያርዳል፤ ያን ዕለት ግን ገና ሆሣዕና ነው።